የታውኖ ጀርባ

ሐሙስ፣ ሜይ 16

ታውኖ ነገ ከሆስፒታል ይወጣል። ዛሬ ዶክተር ሌህቶቫራ ሁለታችንንም አስቀምጣ መከረችን። ስለ መግል ይህን ያህል ሲወራ የሰማሁበት ቀን በሕይወቴ የለም።

ነገሩ የጀመረው ከእግሩ ነው። ስኳሩ እግሩን ካደነዘዘው ቆይቷል፤ ተረከዙ ሥር ቁስል ወጥቶበት በካልሲ ሸፍኖ ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ጀርባዬን ማለት ጀመረ። እንጨት ስትፈልጥ ነው አልነው፤ ጤና ጣቢያውም እንደዚያው ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ መለሰው። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ማስታገሻ ሲውጥ ከረመ። ለካ የእግሩ ቆሻሻ በደም ሄዶ አከርካሪው ውስጥ ገብቶ፣ አጥንቱን እየበላ መግል ሲቋጥር ኖሯል። የባሌ አጥንት ውስጥ መግል። እንትፍ።

ከፍተው አጠቡት፤ የተበላውን አጥንት በብሎንና በዘንግ አሰሩለት። ዶክተሯ እንደምትለው ግን ቀዶ ሕክምናው የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚበላሽባቸው ሰዎች አሉ። ስኳር ያለባቸው፣ የከሱና ደማቸው ውስጥ ፕሮቲን የጎደለ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ በሽታው ሳይታወቅባቸው የቆዩ፣ የሚያጨሱ። ታውኖ ሲጋራውን ድሮ ነው የተወው። በሌላው ሁሉ ግን ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ።

ብላ አለችው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል። ቁስሉ እስኪዘጋ ውሃ እንዳይነካው፤ የሳውና እንፋሎት የለም፣ ሐይቅ የለም። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ ቁስሉን በየቀኑ ማየት አለብዎት አለች፤ መቅላቱን፣ ማዠቱን፣ መሽተቱን። እንደገና ከመረቀዘ እግሮቹ ሊሰንፉ ይችላሉ፤ እሱ ራሱም ላይተርፍ ይችላል።

አያለሁ አልኳት። ሥራዬ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነበር፤ ሰው አንሶላ ላይ የማይተወው ነገር የለም። አንድ ቁስል አይገድለኝም።

ሰኞ፣ ሜይ 20

መርያ መጣች። በየቤቱ እየዞረች የምታክም ነርስ ናት። ሰኞና ሐሙስ እሷ፣ በሌላው ቀን እኔ። ፋሻው እንዴት እንደሚለወጥ አሳየችኝ። ታውኖ ወደ ቁም ሣጥኑ ዞሮ በጎኑ ይተኛል፣ እኔ ከኋላው። ፋሻው ከቆዳው ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ። ከዚያ ሽታው፤ ትንሽ ብረት ብረት የሚል፣ ትንሽ የከረመ ሥጋ ሥጋ የሚል። ስፌቱ የወገቡን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ይወርዳል። አንዴ አየሁት። ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

መርያ ዙሪያውን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ "ያምራል" አለች። ምኑ ነው የሚያምረው?

ረቡዕ፣ ሜይ 22

ፋሻ ለወጥኩ። መስኮቱን ከፍቼ፣ ትንፋሼን ይዤ። ቶሎ አለቀ። እንዴት ነው? አለኝ። ደህና ነው አልኩት።

የጓሮው ሣር ቁመቱ ጉድ ነው። የካሌቪ ውሻም የሽንኩርት መደቤን ቆፍሮታል። ጎረቤት ተብዬው ካሌቪ ውሻውን እንኳ ማሰር አይችልም።

ሰኞ፣ ሜይ 27

የታውኖን ምግብ ከእንግዲህ ጓዳ ክፍሉ ነው የማቀርብለት። ወጥ ቤት ሲቀመጥ ሽታው ከሾርባው ጋር ይደባለቃል፤ ትናንት የሳልመን ዓሣ ሾርባዬን ሁለት ማንኪያ ቀምሼ ደፋሁት። ይቅርታ፣ ግን ሰው ነኝ። እሱም አልከፋውም፤ እንዲያውም ጀርባዬ ያን ወንበር አይወደውም አለኝ። ትሪውን በሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬለት እወጣለሁ።

ትሪው ሲመለስ ግን እንደሄደ ነው። እንቁላሉ ከላይ ተነክቷል፣ ዳቦው እንዳለ አለ። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነው። ዶክተሯ ብላ አላለችህም? ስለው አፌ መረረኝ ይላል። መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ የማያመጣው ጣጣ የለም።

ዓርብ፣ ሜይ 31

ልጃችን ኦውቲ ከኦውሉ ከተማ ደወለች። የአባባ ድምፅ ምነው ቀጠነብኝ፣ እየበላ ነው? አለችኝ። ሩቅ ሆኖ መጠየቅ ቀላል ነው አልኳትና ስልኩን ለእሱ ሰጠሁት። ኮሪደሩ ላይ ልብስ እያጠፍኩ ስለነበር መስማቴ አልቀረም። እናትሽ ቤቱን እንደ መስታወት ነው የያዘችው አላት። እኔ ነኝ ያስቸገርኳት፣ ብሸሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ከራሴ ጀርባ ወዴት እሸሻለሁ አላት። ሳቁ። እኔ ምኑም አላሳቀኝም።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

አንሶላው ላይ ቢጫ። ዛሬም። አፍልቼ አጠብኩት፣ እንደገና አፈላሁት። ቅባቱ ነው መሰለኝ።

የኦውቲን ክፍል አጽድቼ እዚያ መተኛት ጀምሬያለሁ። እሱ እንዲመቸው ነው፤ በጎኑ ሲገላበጥ አልጋው ጠቦታል። መስኮቱን ከፍቶ ነው የሚያድረው፤ ፊቱን ቢንቢ ጨርሶታል። ዝጋው እንጂ ስለው ንፋስ ይግባ ይለኛል። ግትር ሆኖ ተፈጥሮ ግትር ሆኖ ይሞታል።

ሐሙስ፣ ጁን 13

መርያ የመጨረሻዋን መጣች፤ ከነገ ጀምሮ የበጋ ዕረፍቷ ነው። ተተኪ የለም፤ በዚህ ወር ማንን ታገኛለህ? ደም ቀድታ ሄዳለች። ቁስሉ ከሥር ጫፉ ላይ ትንሽ ረጥቧል፣ በደንብ ተከታተሉት፣ ከጨመረ ወዲያው ለሆስፒታሉ ደውሉ አለች። እሺ አልኳት።

ደጅ ድረስ ስሸኛት ቆም ብላ አንቺስ እንዴት ነሽ? አለችኝ። ሰው እንዲህ ሲጠይቀኝ አልወድም። ደህና ነኝ አልኩ። ከእጇ የጓንት ሽታ መጣ፤ ስትሄድ የበሩን እጀታ በሳሙና አጠብኩት።

ማክሰኞ፣ ጁን 18

ዶክተር ሌህቶቫራ ራሷ ደወለች። የደሙ ውጤት አላስደሰታትም፤ ስኳሩ ወጥቷል፣ ፕሮቲኑ ከበፊቱም ወርዷል። ይበላል ወይ? አለችኝ። አቀርብለታለሁ አልኳት። ቁስሉስ? ደህና ነው፣ መርያ አይታዋለች አልኩ። ከዚያ ወዲህስ? ደህና ነው አልኩ።

ከስልኩ በኋላ ነገር ዓለሙ አስጠላኝ። ሲጠይቁኝ እንደ ሌባ ነው የሚጠይቁኝ። ቀኑን ሙሉ ሳፈላ፣ ሳጥብ፣ ሳስጣ የምውል እኔ። እጄ በሳሙና ተልጦ። አንዳቸውም መጥተው ከዚህ ሽታ ጋር አንድ ሌሊት አላደሩም።

ፋሻውን ዛሬ ድርብ አደረግኩት። እንዳያሳልፍ።

ዓርብ፣ ጁን 21

የበጋው የዮሐንስ በዓል ዋዜማ። ሥራ በሥራ። አዲሱ ድንች፣ ሄሪንግ ዓሣው፣ እንጆሪው። ካሌቪ ሐይቁ ዳር የበዓሉን እሳት እንጨት እየከመረ ነው። ሳውናው ከጠዋት ጀምሮ እየተነደደ ነው፤ ታውኖ እንጨቱን ራሱ አንድ በአንድ ሲያጓጉዝ አየሁት፣ አንድ እጁ ግድግዳ ላይ። ለካሌቪ ነው አለኝ። ለካሌቪ አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ ጁን 22

ገባ። በዮሐንስ ዋዜማ ሳውና ያልገባ ሰው አላውቅም፤ እሱም በሕይወቱ አንድም ዓመት አልቀረም። አይሆንም፣ ዶክተሯ ምን አለች? አልኩት። ሰምቶኛል። እናቴ እኔን የወለደችው ሳውና ውስጥ ነው፣ ከሆስፒታላቸው ይልቅ ንጹሕ ነው አለኝ። ይህን የማይል ሽማግሌ በዚህ አገር የለም። ከዚያ ዝቅ አድርጎ "አንድ ቀን እንኳ ሰው ልሁን" አለኝ።

እኔ ፎጣውን አቀበልኩት።

ፋሻውን ማን እንደላጠው አልጠየቅኩም። ካሌቪ በበርች ዛፍ ቅጠል ትከሻውን ሲጠበጥብለት፣ እንፋሎቱ ሲጮህ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል። ከዚያ እየተደገፈ ሐይቁ ውስጥ ገባና እስከ አንገቱ ተነከረ። ሲወጣ እንደ ሕፃን ቀልቶ ነበር። ሸተትኩት። በርች፣ ጭስ፣ ሐይቅ። ሌላ ምንም። አዲስ ፋሻ አደረግኩለት፤ ቆዳው ሞቆ ስለነበር ተለጣፊው እምቢ ብሎኝ በላዩ ደራረብኩ።

እሳቱ ዳር አብረን በላን። ሁለት ሳህን ድንች በላ፤ ከእኔ ሳህን ሄሪንግ ሰረቀኝ። ካሌቪ አኮርዲዮኑን እያስለቀሰ አስቸገረን። አገባደድንና ገባን፣ እኔም ከእሱ ጋር ተኛሁ። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ። እግሬን በእግሮቹ መሐል አስገባሁ፣ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ጮኸ። ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት፣ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 25

ብርድ ብርድ አለው። ሐይቁ ነው። ሽማግሌ ሰው እስከ አንገቱ ሲነከር ምን ይጠብቃል? ሻይ፣ ማስታገሻ።

ሽታው ተመልሷል።

ረቡዕ፣ ጁን 26

ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ፋሻውን አልለወጥኩም፤ ሲንቀጠቀጥ ማገላበጥ ጭካኔ ነው። ለሆስፒታሉ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። በዮሐንስ ሳምንት ለማን ይደወላል? ሁሉም ሐይቅ ዳር ነው፤ ተረኛ የሚሆን አንድ ልጅ ነው የሚኖረው፣ እሱን ለጉንፋን ማስቸገር ነውር ነው። ታውኖም ሰው አታስቸግሪ አለኝ። ነገ ይሻለዋል።

ዓርብ፣ ጁን 28

ትናንት ጠዋት ሊነሳ ሲል እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ወለሉ ላይ ተቀምጦ "ሄልካ፣ እግሬ የት ነው?" አለኝ። አምቡላንስ ጠራሁ።

የመጣችው ሴት ልጅ እግር ናት፤ ከኦውቲ ታንሳለች። በጎኑ አዙራ ፋሻውን አነሳችው። አንዱን አነሳች፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ። ከዚያ ፊቷን አየሁ። ምንም አላለችም። ባልደረባዋን ጠርታ በዝግታ "ና እይ" ብቻ አለችው። እኔ ቁልፍ ፍለጋ ወጣሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በዚያው ሌሊት ጀርባውን እንደገና ከፈቱት።

ቅዳሜ፣ ጁን 29

ዶክተር ሌህቶቫራ ከዕረፍቷ ተጠርታ ነው የመጣችው፤ ፀሐይ አፍንጫዋን ልጧታል። ስፌቱ ተተርትሮ መግሉ እስከ ብሎኑ ድረስ ወርዷል። አንዱ ብሎን አጥንቱ ውስጥ ላልቷል። አጥበው፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው አውጥተው፣ ለጊዜው ክፍቱን ትተውታል። እግሮቹ ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም አለች። ሌላውንም አላውቅም አለች።

ቁስሉ ማዠት የጀመረው መቼ ነው? አለችኝ። ታውኖ ከአልጋው ላይ ቀድሞኝ መለሰ። ደብቄያት ነው አለ። ሳውናም እሷ ከልክላኝ በግድ ነው የገባሁት፤ ሚስቴን አትጠይቋት አለ። ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ ብሎ ነው የሚናገረው።

ዶክተሯ ለምን እንዲህ እንደሆነ አስረዳችኝ። ስኳሩ አለ፣ መክሳቱ አለ፣ ዕድሜው አለ፣ ሳይታወቅ የቆየበት ጊዜ አለ፣ አሁን ደግሞ ውሃው። በእያንዳንዱ ራሴን ነቀነቅኩ። ትክክል ናት። ሁሉም ትክክል ነው። ሌላ ነገር ትጠይቀኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። አልጠየቀችኝም፤ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋኝ ሄደች። እጇ አስጠላኝ። መዳበሱ አስጠላኝ።

ዓርብ፣ ጁላይ 5

የቀኝ እግሩን ጣቶች አንቀሳቀሰ። ከኦውሉ የመጣችው ኦውቲ አለቀሰች። እኔ ጫማውን ስላላመጣች ተቆጣኋት፤ አምጪ ያልኳት እሷን ነበር።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

ዛሬ ስደርስ አልጋው ባዶ ነው። ነርሷን ሮጬ ጠየቅኳት። ነርሷ ምሳ ላይ ነው አለችኝ። በተሽከርካሪ ወንበር የጋራው ጠረጴዛ ድረስ ወስደውታል፤ እግሩ ከተቆረጠ አንድ እንጨት ቆራጭና ጥርስ ከሌለው ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ የሥጋ ኳሱን እያጣጣመ ነው። እንጨት ቆራጩ የሆነ ብልግና ሲያወራ ታውኖ አፉን ሞልቶ ይስቃል። የአንዳቸው ከረጢት በሽንት ተሞልቶ ወንበሩ ሥር ተንጠልጥሏል። ማንም ግድ አላለው።

ነርሷ ደስ ብሏት እዚህ ምንም አያስተርፍም፣ ፕሮቲኑ እየወጣ ነው አለችኝ። ከዚያ ቤት ምን ነበር የሚበላው? አለችኝ። ክፋት የላትም፣ እንዲያው ጠየቀች። ያው ይህንኑ አልኳት። ያው ይህንኑ ነበር እኮ። የእኔ የሥጋ ኳስ ከዚህ ከእነሱ ካርቶን ይሻላል።

በሩ ላይ ቆሜ አየሁትና ሳልገባ ተመለስኩ። አውቶቡስ ውስጥ ስለጓዳ ክፍሉ ትንሽ ጠረጴዛ አሰብኩ። ባላስብ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጁላይ 15

የመውጫው ነገር ተነሳ። ቁስሉ ከውስጥ ወደ ውጭ እየሞላ ነው፤ እስኪዘጋ ግን በየቀኑ መታጠብ፣ መታሸግ፣ መታየት አለበት። ዶክተር ሌህቶቫራ ቤት ማን ያደርገዋል? አለች። እኔ ለመመለስ አፌን ከፈትኩ። ታውኖ ወደ ማገገሚያው ክፍል ላኩኝ አለ፤ ረጋ ብሎ፣ አስቦበት።

ዶክተሯ ስትወጣ ጠብቄ ምን ማለትህ ነው? አልኩት። ሚስትህ አይደለሁም? ሰው ምን ይላል? ኦውቲ ምን ትላለች?

ብርድ ልብሱን ሲያስተካክል ቆየና "ሄልካ፣ ቁም ሣጥኑ መስታወት አለው እኮ" አለኝ።

ቦርሳዬን ከወንበሩ አነሳሁ።

"ሁሌም መስኮቱን ነበር የምታዪው። አንድ ቀን ዞረሽ ስታዪው ደግሞ ፊትሽን አየሁት። ቁስሉን እችለዋለሁ። ያንን ፊት ነው የማልችለው።" አልተቆጣም። ቢቆጣ በስንት ጣዕሙ። እኔም ብሆን አላየውም ነበር፣ አልፈርድብሽም አለኝ። ሳውና የገባሁትም ሽታው እንዲለቅልሽ ብዬ ነው፣ ለቆ ነበር አይደል? አለኝ።

ለቆ ነበር አልኩት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 18

ፍራሹን ጣልኩ። መጋረጃውን አፈላሁ። ወለሉን በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈገፈግኩ፣ መስታወቱን በኮምጣጤ ወለወልኩ። ሽታ የሚባል ነገር የለም። ወጥ ቤት ተቀምጬ የሳልመን ሾርባ በላሁ፤ ሾርባ ሾርባ ብቻ ይሸታል። ንጹሕ ቤት፣ ንጹሕ ማንኪያ፣ ንጹሕ አሮጊት። በሕይወቴ እንዲህ ያስጠላኝ ነገር የለም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

ወደ ማገገሚያው ሄድኩ። በዱላና በሁለት ሰው እየተደገፈ ኮሪደሩን ይጓዛል፤ ግራው አሁንም ይጎተታል። ዶክተሯ ገና ነው ትላለች፤ አጥንቱ ይያዝ አይያዝ በመኸር ነው የሚታወቀው። የጋራው ጠረጴዛ ላይ ከጎኑ ተቀምጬ በላሁ። ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ሾርባውን እየረጨ ያወራኛል። ሁለቴ ትውከት መጣብኝ። ዋጥኩት።

የፋሻው ሰዓት ሲደርስ ነርሱ፣ ጢሙን ያሳደገ ጎረምሳ ነው፣ ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ቢጠብቅ አለ። እዚሁ እሆናለሁ አልኩ። ታውኖ አየኝ፤ ከዚያ ምንም ሳይል ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ግድግዳው ባዶ ነው፣ ቢጫ ቀለም ብቻ።

ልጁ ቁስሉ ውስጥ የታሸገውን ጨርቅ መዘዘው። ጓንት ስጠኝ አልኩት፤ ሰጠኝ። ጎንበስ አልኩ። ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ነው። ከሥሩ ቀይ ሥጋ አለ፣ እርጥብ፣ ትንንሽ ጉብጉብ ያለ፤ አንዱ ጠርዝ ላይ ቢጫ ክር መሳይ ነገር ተጣብቋል። ሽታው ያው ነው፣ አፌ ውስጥ ገባ። ቢጫው ምንድን ነው? አልኩ። ይህ የሚጠረግ ነው አለኝና እርጥቡን ጨርቅ አቀበለኝ። ጠረግኩት። ከሥሩ ቀላ። የታውኖ ቆዳ ዘለለ፤ አመመህ? አልኩት፤ ቀዝቅዞኝ ነው አለ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ማንም አላየውም።

ታውኖ ግድግዳውን እያየ "ምን ይመስላል?" አለኝ።

"ያስጠላል" አልኩት።

 ከዚያ ትከሻው ላላ ሲል አየሁ።

"እንግዲያው እያየሽው ነው" አለኝ።